ለጊያንጼው አስጎብኚያችን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ከባለቤቴ ጋር ቲቤት ውስጥ ወደምትገኘው ጊያንጼ የተባለች የተራራ ከተማ ተጉዘን በሰላም ተመልሰናል። ለዚህም ከእግዚአብሔር ቀጥሎ አስጎብኚያችንን ላመሰግን እወዳለሁ፤ ሌሎችም እንዲያውቋቸው በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

የውጭ አገር ዜጋ ቲቤት ውስጥ እንዳሻው ለብቻው መዘዋወር አይፈቀድለትም። በጉዞ ወኪል በኩል ልዩ የጉዞ ፈቃድ ማውጣትና አስጎብኚ መያዝ ግዴታ በመሆኑ፣ ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም በሚመደብላችሁ ሰው ነው። ለእኛ የደረሱን በዕድሜ ጠና ያሉ፣ እዚያው ጊያንጼ ተወልደው ያደጉ ቲቤታዊ ነበሩ።

ከቲቤት ዋና ከተማ ከላሳ የሚነሳው መንገድ ከፍታው ከራስ ዳሸን ጫፍ በሚበልጠው በካምባ ላ የተራራ በር አድርጎ ወደ ያምድሮክ ሐይቅ ይወርዳል። ደጋ ላደገ ሰውም ቢሆን ይህ ከፍታ ቀላል አይደለም። እርሳቸው ገና ላሳ ሳለን ቀስ ብለን እንድንራመድ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ እንድንጠጣና አልኮል እንዳንቀምስ አጥብቀው ነግረውን ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ የባለቤቴን ዝምታ ከእኔ ቀድመው አስተዋሉ፤ ራሷን እንዳመማት ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ወዲያው ወደ ሐይቁ እንድንወርድ ሾፌሩን አዘዙት። መሻሏን ሳያረጋግጡ ከሐይቁ ዳር አላስነሱንም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ከፍታው የሚብሰውን የካሮ ላ በርም ሳንቆም አለፍነው። ሾፌራችንም በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስላሳየው ጥንቃቄ ምስጋና ይገባዋል።

ጊያንጼ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1427 መገንባት በጀመረው ኩምቡም በተባለ የቡድሂስቶች መቅደስ ነው። ደርብ በደርብ እየጠበበ የሚወጣ ነጭ ሕንጻ ሲሆን፣ ከ70 በላይ ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች አሉት። አስጎብኚያችን ሁሉንም ሊያሳዩን አልተጣደፉም፤ ጥቂቶቹን መርጠው በእጅ ባትሪ የግድግዳውን ሥዕል እያበሩ፣ የእያንዳንዱን ቅዱስ ታሪክ ረጋ ብለው አስረዱን። ምዕመናን ሕንጻውን በቀኛቸው አድርገው ሲዞሩ መንገድ እንድንለቅላቸውና ሳናስፈቅድ ፎቶ እንዳናነሳቸው የነገሩን ግን በእኔ ዘንድ ከሁሉም ይበልጣል። ከከተማዋ በላይ ያለውን፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 በመድፍ ደብድበው የያዙትን አምባ እያሳዩ ታሪኩን ሲተርኩልን መቅደላ በዓይኔ ላይ ሄደብኝ።

ምሳ ላይ ያቀረቡልን ጻምፓ የተቆላ ገብስ ዱቄት ሆኖ፣ በጨውና በቅቤ በተዘጋጀ ሻይ በእጅ ይለወሳል። በሶ ለለመደ ሰው እንግዳ ምግብ አይደለም፤ ባለቤቴ ደግማ መጠየቋ በጣም አስደሰታቸው።

ቻይና ውስጥ የምትማሩም ሆናችሁ ለንግድ የምትመላለሱ ወገኖቻችን ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ እንዲመደብላችሁ ወኪሉን ጠይቁ፤ ሰውነታችሁ ከፍታውን እንዲለምድም ላሳ ላይ የእረፍት ቀናት አስይዙ። እኚህን ሰው ለይታችሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስማቸውን ለመስጠት ፈቃዳቸውን አግኝቻለሁ።