ሳኦል እና ዳዊት፦ ሁለቱም በደሉ፣ መልሳቸው ግን ለየቅል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ስር ስንጨዋወት አንድ ጓደኛችን «የባሰ የበደለው ዳዊት፣ የተጣለው ሳኦል፤ ለምን?» አለ። ጥያቄው ከባድ ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ባሏን ጦር ግንባር አስገደለ። ሳኦል ደግሞ አማሌቃውያንን ከነከብታቸው እንዲያጠፋ ታዞ ሳለ ንጉሣቸውን አጋግንና ምርጥ ምርጡን ከብት አስቀረ። ግን አስቡት፣ በጎቹ ከኋላው እየጮኹ ነቢዩ ሳሙኤልን «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» ይለዋል! ሲያዝ በሕዝቡ አመካኘ፤ «በድያለሁ» ብሎም የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲከበር ነው።

ዳዊት ግን ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው ሰበብ አልደረደረም። «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፣ በቃ። ምሕረቱን እዚያው አገኘ። ቅጣቱ ግን አልቀረለትም፤ ልጁ ሞተ፣ ቤቱም ከሰይፍ አላረፈም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ቀየረና እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ። ሳኦል ሲጨንቀው የሄደው ዓይንዶር፣ ጠንቋይ ቤት ነበር።