ደሴ ላይ ያገኘኋት ቢጫ ቮልስ፦ መኪናም ናት፣ ሮቦትም ናት

ፒያሳ አካባቢ ካሉት የመጫወቻ ሱቆች በአንዱ መስታወት ውስጥ ነው ያየኋት። ቢጫ ቮልስ። ካርቶኗ ላይ የአምራች ስም የለም፣ የሮቦት ሥዕል ብቻ ነው ያለው። ባለሱቁ 1,800 ብር አለኝ፣ ተከራክረን በ1,500 ተስማማን። ፎርጅድ መሆኗን ገና ሳልነካት አውቄያለሁ። ግን ቮልስ ናት፣ ጥያት ልሄድ አልቻልኩም።

ወደ ሮቦት የሚለወጡ መኪኖችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መደርደሪያዬ ላይ 41 አሉ። አብዛኞቹን ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ ነው የለቀምኳቸው፣ ጥቂቶቹን ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች አምጥተውልኛል። ቮልስ ግን አልነበረችኝም። እነዚህን መጫወቻዎች ለሚወድ ሰው ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው።

ለምን ብትሉ፣ ዛሬ ትራንስፎርመርስ የምንላቸውን እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ያወጣቸው የአሜሪካው ሀስብሮ ይሁን እንጂ መጫወቻዎቹን መጀመሪያ የሠራቸው የጃፓኑ ታካራ ነው፣ ዳያክሎን እና ማይክሮ ቼንጅ በሚሉ ስሞች ቀድሞ ይሸጣቸው ነበር። ዳያክሎን ላይ ሮቦቱ ማሽን ብቻ ነው። እግራቸው ማግኔት የሆነ ትንንሽ ሾፌሮች ይገቡበታል። ሀስብሮ ሾፌሮቹን አስወጣና ለመኪኖቹ ነፍስ ሰጣቸው፣ ስምና ጠባይ አወጣላቸው። በምብልቢ የሚባለው ቢጫው ሮቦት ደግሞ ከማይክሮ ቼንጅ የመጣ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ቮልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007ቱ የትራንስፎርመርስ ፊልም ሸቭሮሌ ካማሮ አደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ፊልም ደግሞ ወደ ቮልስነቱ መለሱት። ካማሮው ያምራል፣ አልክድም። ግን ደሴ ውስጥ ካማሮ ላይ ተጭኖ ያደገ ማን አለ? ቮልስን ግን ሁሉም ያውቃታል፣ ስለዚህ መጫወቻው ላይ ስህተት ካለ ወዲያው ይታያል።

ታየም። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩብኝና «ስጠኝ እስቲ ልጄ» አሉ። መጀመሪያ ያደረጉት ኮፈኑን መክፈት ነው። ውስጡ በብርማ ቀለም የተቀባ ሞተር አለ። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «የቮልስ ሞተር ከኋላ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ፊት ለፊት ያለው የዕቃ ቦታና ስኮርት ጎማው ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲወጡ የሌሎቹ መኪኖች ውሃ ፈልቶ ኮፈናቸውን ከፍተው ሲቆሙ፣ እሷ እየተንደቀደቀች ታልፋቸው እንደነበር ሲነግሩኝ ሲኒያቸው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። እኔም ያን ጊዜ ነው የሠሪው ስህተት የከነከነኝ። አንድ ፎቶ ማየት ይበቃው ነበር።

ከዚያ ውጭ መኪናዋ ታምራለች። የፓራፋንጎዎቹ እብጠት ልክ ነው፣ ክብ መብራቶቹም ጥርት ያሉ ናቸው። የበሮቹ ስንጥቅ ትንሽ ሰፋ ብሏል። ጎማዎቹ ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታሉ እንጂ አይሽከረከሩም ማለት ይቻላል።

ዋናው ነገር ግን መለወጡ ነው። እኔ እንዲህ ያለ መጫወቻ ስገመግም መኪናው ብቻ ወይም ሮቦቱ ብቻ አያጠግበኝም፣ በመሀል ያለውን መንገድ ነው የማየው። በሮቹን ወደ ጎን ትከፍታላችሁ፣ ከሥራቸው ክንዶቹ ይወጣሉ። የኋላው ክፍል ለሁለት ተሰንጥቆ እግር ይሆናል። ወገቧን ግማሽ ዙር ታዞራላችሁ። ከዚያ ጣሪያው፣ ይሄን ነው የወደድኩት፣ ሁለት ቦታ ተጣጥፎ ጀርባዋ ላይ ልክ እንደታጠፈ ጋቢ ይተኛል፣ ቀጭ ብሎም ይገጥማል። በመጨረሻ ጭንቅላቷ ከኮፈኑ ሥር ብቅ ይላል። እኔ 19 እንቅስቃሴ ቆጠርኩ። የመጀመሪያ ቀን 25 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አሁን ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና ስንሠራ መሪው ከጎማው ጋር አብሮ ሲዞር የሚሰማን ደስታ ትዝ አለኝ፣ ጣሪያው ሲገጥም የሚሰማኝ እሱ ነው።

ሮቦቷ ትቆማለች፣ ግን የግራ ጉልበቷ ልል ነው። ክንዷን ወደ ላይ ካነሳችሁት ቀስ በቀስ ወደ ፊት ትደፋለች። ይሄ ለሰብሳቢ አዲስ ችግር አይደለም። ብሎኗን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታሁ፣ መገጣጠሚያው ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀባሁ፣ በደንብ ደርቆ ሲያድር መልሼ ገጠምኩት። አሁን ጸንታ ትቆማለች። እህቴ የጥፍር ቀለሟን ስትፈልግ ነበር፣ አዲስ እገዛላታለሁ።

ለደሴና ለአካባቢዋ ሰው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠዋት በብርድ አትንኳት! ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ቀጫጭን ማጠፊያዎቹም ይሰነጠቃሉ። እኔ በሐምሌ ማለዳ ጣሪያውን ሳጥፍ ማጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ወጣብኝ፣ እሱ የመሰበር መጀመሪያ ነው። አሁን መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆያታለሁ፣ ከዚያ በደንብ አደርቃታለሁ። ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳታደርጓት፣ ትጣመማለች። መስኮት ላይም ፀሐይ ስለሚያበላሸው ቀለሟ ይለወጣል።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። መመሪያው ወረቀት አላስፈለገውም። እግሮቿን አውጥቶ፣ ጣሪያውን ግን ሳያጥፍ፣ ግማሽ መኪና ግማሽ ሮቦት አድርጎ ምንጣፉ ላይ ያስኬዳታል። ጨርሳት ስለው «አጎቴ፣ ተዋት፣ እየተነሳች እኮ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደርደሪያዬ ላይ እንደዚያው ነው ያስቀመጥኳት።

በ1,500 ብር ትገዛለች ወይ? ለልጅ ከሆነ አዎ፣ ጉልበቷን አጥብቃችሁ ስጡት። ለሰብሳቢ ደግሞ ኦሪጅናሏን እስኪያገኝ ድረስ ቦታዋን በደንብ ትይዛለች። ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን አስከፍቱና አቁማችሁ ሞክሯት፣ ባለሱቁ ደግ ነው፣ አይከለክልም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ አንዲት ቀይም ነበረች። የ1984ቱ በምብልቢም በቢጫና በቀይ ነበር የሚሸጠው። ደመወዝ እስኪገባ ድረስ እንዲያቆይልኝ ነግሬዋለሁ።