ቀን ወይስ ሌሊት? ለጀማሪ ነርስ
የቀን ፈረቃ ወከባ ነው። ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት) አለ፣ አስታማሚ ይጠይቃል፣ ስልክ ይጮኻል። ግን ትምህርቱ እዚያ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሲቀይር አጠገቡ ቆማችሁ «ለምን?» ትላላችሁ።

ሌሊት ረጋ ይላል (ሁሌም አይደለም!)። ቻርቱን (የታካሚውን መዝገብ) ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ፋታ ይገኛል። ችግሩ የሰው ማነስ ነው። የታካሚው ትንፋሽ በደቂቃ ከ18 ወደ 26 ሲወጣ፣ ልምድ ያላት ነርስ ሌላ አልጋ ጋ ልትሆን ትችላለች። ሊነጋ ሲል ደግሞ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ዓይን ይከብዳል። የመድኃኒት መጠን ደግማችሁ ማስላት ያለባችሁ ያኔ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀን። ምርጫው የእናንተ ካልሆነና ሌሊት ከደረሳችሁ፣ ፈረቃው ሳይጀመር ችግር ሲመጣ ማንን እንደምትጠሩ ጠይቁ። ጠዋት ስትወጡም የፀሐይ መነጽር አድርጉ፤ ብርሃኑ እንቅልፋችሁን ይሰርቃል።