«መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ዲዝል የምትነዱ ሰዎች፣ በተለይ የቶዮታ ኤል ሞተር ያላችሁ፣ የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ዘንጎች በአንድ ምት አያይዞ የሚያዞረውን ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ) ለማስቀየር ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ቃላቱ ሻከር ካሉባችሁ ይቅርታ።

መኪናዬ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት። 3ኤል፣ 2.8 ሊትር። ከወረታ ሽንኩርትና የፎገራ ሩዝ ታመላልሳለች። ሐሙሲትን እንዳለፍኩ ዳሽቦርዱ ላይ የታይሚንግ ቺንጋው መብራት በራ። ይህ መብራት ብልሽት አይደለም። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ «ሳልበጠስ ቀይሩኝ» የሚል ማስታወሻ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነበረች። በራሷ ጎማ እየተንከባለለች ነው ጋራዡ የገባችው። ይህን ያዙልኝ።

ጋራዡን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አለቃው ስልክ ላይ ነው። ሥራውን የሚሠራው ቅባት የጠጣ ቱታ የለበሰ ልጅ ነው። ባለመኪናው ደግሞ «ሻይ ምናምን ጠጣና ና» ይባላል። እኔ ሻይ አልሄድኩም። ቺንጋውንም መወጠሪያ ኩሽኔታውንም ራሴ ገዝቼ ነው የሄድኩት። አለቃው ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «እኛ ብናመጣልህ ምን ነበረበት?» አለ። ዕቃው ላይ የሚበላው ቀርቶበታላ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዓይኑ ሙሉ አላየኝም።

ልጁ አሮጌውን ቺንጋ ሲያወልቅ የላይኛው፣ የካምሻፍቱ ጥርስ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ባለጥርስ መዘውር)፣ በቫልቭ ስፕሪንጉ ግፊት ራሱ ፈንጠር አለ። ይህ ያለ ነገር ነው፤ ቀስ ብለው ወደ ምልክቱ ይመልሱታል። ልጁ በዓይኑ ገምቶ መለሰውና አዲሱን ቺንጋ ጫነበት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የታችኛው ዘንግ፣ ምልክት ልክ ነው። የናፍጣ ፓምፑም ልክ ነው። የላዩ ነጥብ ግን ሞተሩ ላይ ያለውን ጭረት ሁለት ሦስት ጥርስ ያህል አልፏል። ነጥቧ እዚያ ማዶ፣ ጭረቱ እዚህ። ለማየት መነጽርም አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ይሄ የላዩ አልገጠመም። እስቲ ሞተሩ በመፍቻ ሁለት ዙር በእጅ ይዙርና ምልክቶቹ ተመልሰው ይገናኙ እንደሆነ እንይ» አልኩ። በትህትና ነው ያልኩት። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ሦስቱም ምልክት ቦታው ካልተመለሰ አንዱ ስቷል ማለት ነው። ይህን ከእነሱው ከመካኒኮች የሰማሁት ነው። በእጅ ሲዞር ደግሞ አንድ ነገር ከነካ መፍቻው ይገታል፤ ምንም ሳይሰበር ታውቃለህ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አለቃው ስልኩን ከጆሮው አነሳ። ሳቀ። «መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አለ። የዘይት ጣሳ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ልጆችም አብረው ሳቁ። ከዚያ ለልጁ «ግባና ምታው» አለው።

ልጁ ገባ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ግማሽ ዙር እንኳ አልሄደም። «ቋ!» አለና ቀጥ። አንድ ድምፅ፣ ደረቅ፣ ብረት በብረት። ግቢው ውስጥ ሳቅ የለም፣ ወሬ የለም። አለቃው የልጁን ፊት አየ፣ ልጁም የእሱን። ያን አስተያየት አልረሳውም። ምን እንደተፈጠረ ሁለቱም ገብቷቸዋል። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት በአንድ ቫልቭ እንተርፍ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ባትሪህ ደካማ ነው።»

ሌላ ባትሪ አስመጣ፣ በኬብል አገናኘና «ድገመው» አለ። እኔ «ኧረ ተው! ኧረ አቁም!» እያልኩ ልጁ ደገመው። ዲዝል ነው፤ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው (ቫልቮቹን ከያዘው የሞተሩ ክዳን) ጋር ለወረቀት ያህል ነው ቦታ የሚተወው። በዚያ ሰዓት ወርዶ የቆመ ቫልቭ ካገኘ ያጎብጠዋል። አጎበጠውም። በሁለት ባትሪ ጉልበት።

አሁን ስድቡን ስሙ። ቴስታታው ሲወርድ የጎበጡትን ቫልቮች በጣቱ እያሳየኝ «ድሮም የሞተ ሞተር ነው ያመጣህብን» አለ። የሞተ! ከሐሙሲት ድረስ ሽንኩርት ተሸክሞ የመጣ ሞተር! በዚያ ላይ ቴስታታ ያወረደበትን የእጅ ዋጋ ጠየቀኝ። ደረሰኝ ስለው ከሲጋራ ፓኮ ላይ ቆርጦ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ፓኮዋን ይዤ የት አባቴ ልክሰስ?

በገመድ አስጎትቼ አወጣኋት። ሌላ ጋራዥ ናት አሁን። ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ ማስተካከል፣ እንደገና አዲስ ቺንጋ፤ ከዋናው ሥራ ስንት እጥፍ እንደሆነ ባልነግራችሁ ይሻላል። ሽንኩርቱን በሰው አይሱዙ እያስጫንኩ ትርፉን ለኪራይ እየገበርኩ ነው።

አዲሱ መካኒክ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ገና ሳልነግራቸው አሮጌው ቺንጋ ሳይወልቅ ሦስቱም ጥርስ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። ሲጨርሱም መፍቻውን ለባለመኪናው ነው የሚሰጡት፣ ራሱ እንዲያዞር።

እናንተም እንዲሁ አስደርጉ። ክራንክሻፍቱን ከፊት ሆናችሁ ስታዩት በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር፣ በእጅ፣ ቀስ ብሎ። ከገታ አትግፉት። አይሆንም ካሏችሁ የመኪናችሁን ቁልፍ ኪሳችሁ ክተቱት፤ ያለ ቁልፍ ማንም «ምታው» አይልም። ደረሰኙንም ሥራ ሳይጀመር ጠይቁ።