አሮጌው ኮቦ ታች፦ ቦታ ሲሞላበት

ኮቦ ታችን አሁንም ለማንም እመክራለሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። የራሱ ብርሃን የለውም፤ ደሴ ላይ ማታ መብራት ከሄደ ባትሪ ማብራት ግድ ነው። ቀን ግን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ፊደሉ ልቅም ብሎ ይነበባል።

ችግሩ ቦታ ነው። 2 ጊጋ ይባል እንጂ ለመጽሐፍ የሚተርፈው ግማሹ ገደማ ነው። ለእንግሊዝኛ ልብወለድ ይበቃል። በቴሌግራም የሚዞሩት የአማርኛ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ ስካን ናቸው፤ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ነው። አንዱ ብቻ 80 ሜጋ ይሆናል። ጥቂት ከጫናችሁበት ሞላ ይላል፣ ገጽ ሲገለጥ ይንቀራፈፋል፣ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ጤፍ ያክላል።

ደግነቱ እስከ 32 ጊጋ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይቀበላል። በኋላ የወጡት ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ እኔን አሮጌውን ያስመረጠኝም ይኸው ነው። ካርድ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ 32 የሚል፣ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ እንኳ የማይዝ ፎርጅድ አለ። ቪዲዮ ገልብጡበትና እስኪጠጋ ሙሉት፤ መጨረሻ የገባው ካልተከፈተ መልሱት።

ፋይል አጥፍታችሁ ቦታው አልለቅ ካለ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ ተጠቅማችሁ ይሆናል። የጠፋው ፋይል እዚያው ማንበቢያው ላይ በተደበቀ የቆሻሻ ፎልደር ይቀመጣል። ሳትነቅሉት ቆሻሻውን ባዶ አድርጉ። ኮቦ የሚለውን የተደበቀ ፎልደር ግን እንዳትነኩት፤ የመጻሕፍቱ መዝገብ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ካሊበር የሚባለው መጽሐፍ መቀየሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስካንን ወደ ጥሩ ጽሑፍ አይቀይርም። ስለዚህ በወሎው ባለቅኔ በሸህ ሁሴን ጅብሪል ስም የሚነገሩትን ግጥሞች ቁጭ ብዬ ተየብኳቸው። ኢፐብ ወደሚባለው የማንበቢያ መጽሐፍ ፋይል ሲቀየሩ አንድ ሜጋ እንኳ አልሞሉም! መጀመሪያ ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ሊመጣባችሁ ይችላል። ማንበቢያው ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ፎንትስ (fonts) የሚል ፎልደር ክፈቱ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን የአማርኛ ፊደል ፎንት አስገቡበት፣ ከዚያ ከፊደል ምርጫው ላይ ምረጡት። የወሎን ግጥም እንደዚያ ጥርት ብሎ፣ እንደ ልቤ አሳድጌ ማንበቤ የደከምኩበትን ሁሉ ክሶኛል።