ከዚራ የጀመሩት የማራካሽ ቪአር ጉብኝት፦ ምስሉ ምርጥ፣ ትረካው ግን ታሪኩን ጨፍልቆታል

ድሬ ከዚራ አንድ ጌም ቤት ውስጥ በቪአር መነጽር (ስታደርገው ቦታው ላይ የቆምክ የሚያስመስልህ) ከተማ ማስጎብኘት ጀምረዋል። ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ አገር አለ፣ እኔ ግን የሐረር ልጅ ሆኜ በግንብ የታጠረ ከተማ እያየሁ ማለፍ ስለማልችል የሞሮኮዋን ማራካሽን መረጥኩ፣ 150 ብር ነው። በቀን ሙቀት አትሂዱ አቦ፣ ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ የበፊተኛውን ሰው ላብ እንደያዘ ነው የሚሰጧችሁ፣ ልጁ በሶፍት ጠረግ ያደርገዋል ግን ያው ሶፍት ነው። ከመግሪብ በኋላ ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል።

ምስሉ ላይ ወላ አንድ ነገር አይወጣለትም። ግንቡ ስር ያቆምሃል፣ የኛ ጀጎል ድንጋይ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ቀይ አፈር ከኖራ ጋር በሳንቃ መሃል እየተጠቀጠቀ የተሠራ ነው፣ ሲሠራ እንጨት የገባባቸው ቀዳዳዎች ራሱ ረድፍ ረድፉን ይዘው እስካሁን አሉ። የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራ 77 ሜትር ነው፣ ቀና ብዬ ሳይ ከወንበሩ ልወድቅ ነበር።

ችግሩ ትረካው ነው። ሰውዬው ሁሉንም "ሱልጣኖቹ" እያለ አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል፣ ከኔ በፊት ያየው ልጅ "አረቦች ናቸው የሠሩት" እያለ ነው የወጣው። ኧረ አይደለም። ቆርቋሪዎቹ በርበሮች ናቸው፣ ራሳቸውን አማዚግ ነው የሚሉት፣ ሙራቢቶቹ ከሰንሃጃ፣ ሙዋሂዶቹ ከመስሙዳ፣ መሪኒዶቹ ከዘናታ፣ ማለት ሦስት ሥርወ መንግሥት ከሦስት የተለያየ ወገን። ይሄን ሳታውቅ ከገባህ ማን የማንን እንዳፈረሰ አይገባህም።

በአጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። በ1070 ገደማ የሙራቢቶቹ መሪ አቡ በክር ኢብን ዑመር ከተማዋን ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ በረሃ ውስጥ አመፅ ተነሳና የአጎቱን ልጅ ዩሱፍ ኢብን ታሽፊንን ተክቶ ሄደ፣ ሚስቱን ዘይነብንም ፈታትና ዩሱፍ አገባት፣ ሲመለስ ግን ዩሱፍ ወንበሩን የሚለቅ ሆኖ አልተገኘም፣ በዘይነብ ምክር ነው ይባላል ስጦታ አሸክሞ በክብር ወደ በረሃው ሸኘው። ሐረር ላደገ ሰው ይሄ የግራኝ አህመድን ሚስት ባቲ ድል ወንበራን ያስታውሰዋል፣ ከግራኝ ሞት በኋላ ያገባችው ጀጎልን ያሠራውን አሚር ኑርን ነው። ጉብኝቱ ውስጥ የዘይነብ ስም አንዴም አይነሳም፣ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

የማራካሽን ግንብ ያሠራው የዩሱፍ ልጅ ዐሊ ነው፣ በ1126 ገደማ፣ ከአትላስ ተራራ ቲንመል ላይ ሙዋሂዶቹ ተነስተውበት። እውነትም በ1130 ገደማ መጥተው ከበቡ፣ ተመትተው ተመለሱ። በ1147 ግን የሙዋሂዶቹ መሪ ዐብዱልሙእሚን ገባ፣ ከዛ በኋላ የሙራቢቶቹ መስጊድ ሁሉ ፈረሰ፣ ማራካሽ ውስጥ ከነሱ ሕንፃ በደህና የቀረችው አንዲት ትንሽ ቁባ (ጉልላት ያላት ቤት) ናት፣ እሷም አብዛኛው አካሏ ተቀብሮ ኖሮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው የተቆፈረችው። ቪአሩ ውስጥ ጉልላቷ ስር ገብተህ ቀና ስትል ቅርጹ ቅስት በቅስት ላይ ተጠላልፎ መሃሉ ላይ ኮከብ ይሆናል፣ ፍዝዝ ብዬ ቀረሁ፣ እነሱ ግን እዛ ጋ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አያቆዩህም። ኩቱቢያን ደግሞ ሙዋሂዶቹ ሁለቴ ነው የሠሩት፣ የመጀመሪያው ቂብላው፣ ማለት ወደ መካ የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ስለተዛነፈ ነው ይባላል፣ የሚገርመው ሁለተኛው ባሰበት።

በ1269 መሪኒዶቹ ሲይዟት ዋና ከተማቸውን ፌዝ ስላደረጉ ማራካሽ ተረሳች፣ ትረካውም እዚህ ጋ ዝም ብሎ ይዘልና ኤል በዲዕ ቤተ መንግሥት ላይ ያለቅጥ ይቆያል። እሱ የሳዕዲዎቹ ነው፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን፣ እነሱ ደግሞ ከነቢዩ ዘር ነን የሚሉ ሸሪፎች ናቸው፣ በርበር አይደሉም።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ አንዱን ተኩል የቀነስኩት ለትረካው ነው፣ ስፖንጁን በሙቀቱ አሳብቤ ትቼዋለሁ። ልጁን "ድምፁን ዝጋልኝ" ብትሉት ይዘጋላችኋል፣ የዓይን መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ፍሬሙ ሰፊ ከሆነ አይገባም። መብራት ከጠፋ ብር አይመልሱም፣ ሌላ ቀን ና ነው የሚሉት፣ እሱንም ደረሰኙን ካልጣልክ።