ከ«ኦኬ ኮምፒውተር» በኋላ የትኛውን እንግዛ? የተለወጠውን ራዲዮሄድ ለመልመድ አራት አልበሞች ሲነጻጸሩ

እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው «ኦኬ ኮምፒውተር» አልበም የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ራዲዮሄድን የወደደ ሰው በ2000 የወጣውን «ኪድ ኤ» ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ጊታሩን ነው። አያገኘውም። አንደኛው ትራክ በኪቦርድ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የዘፋኙ የቶም ዮርክ ድምፅ ተቆራርጦና ተደራርቦ ይመጣል፤ ምቱም በተለመደው አራት ሳይሆን በአሥር ይቆጠራል። በሁለተኛው ትራክ ድምፁ በማሽን ውስጥ ስላለፈ ግጥሙን መለየት ያስቸግራል። ብዙ ሰው አልበሙን የሚተወው እዚህ ላይ፣ ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው አልበም ይበልጣል ሳይሆን ከየትኛው ይጀመር የሚለው ነው።

ምርጫው አራት ነው፦ «ኪድ ኤ»፤ በ2001 የወጣው «አምኒዚያክ»፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመድረክ ቅጂ «አይ ማይት ቢ ሮንግ»፤ እና በ2021 ሁለቱን የስቱዲዮ አልበሞች አንድ ላይ ያወጣው «ኪድ ኤ ምኒዚያ»።

ጊታሩ ለሚናፍቀው ሰው የመድረኩን ቅጂ እናስቀድማለን። 8 ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ የሕዝቡ ጩኸትም አብሮ ተቀድቷል። ነገር ግን ከማሽኑ ጀርባ ሙሉ ዘፈን እንዳለ በግልጽ የሚያሰማው እሱ ነው። «ላይክ ስፒኒንግ ፕሌትስ»ን እንይ። በ«አምኒዚያክ» ላይ ያለው ቅጂ የተሠራው የሌላ ዘፈን ቅጂ ወደ ኋላ እንዲዞር ተደርጎ ነው፤ ዮርክም ዜማውን ተገልብጦ አጥንቶ ከዘፈነው በኋላ ድምፁ እንደገና ተገልብጧል። ቃላቱ ቅርጻቸውን ያጡት ለዚህ ነው። በመድረክ ላይ ግን ያው ዘፈን በፒያኖ ይመጣል፤ ዜማው ፍንትው ብሎ ይሰማል። ይህን መጀመሪያ የሰማ ጆሮ ወደ ስቱዲዮው ሲመለስ ዜማውን ይዞ ስለሚገባ አይጠፋበትም። «ዘ ናሽናል አንተም»ም እንዲሁ ነው፦ በስቱዲዮ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሆን ተብለው እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ በመድረክ ግን ቤዙና ድራሙ ይመሩታል። የመጨረሻው «ትሩ ላቭ ዌይትስ» አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የስቱዲዮ ቅጂው እስከ 2016 አልወጣም። ለዚህ አንድ ዘፈን ብቻ እንኳ አልበሙ መገዛት አለበት።

ቀጥሎ «ኪድ ኤ» ወይስ «አምኒዚያክ»? ሁለቱም ከአንድ የቀረጻ ጊዜ የወጡ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ዘፈን በዘፈን ለሚያዳምጥ ሰው «አምኒዚያክ» ይቀላል፦ «ናይቭስ አውት» ጥርት ያለ የጊታር ዘፈን ነው፣ «ፒራሚድ ሶንግ» በፒያኖና በሕብረ ክሮች (በቫዮሊንና መሰሎቹ) ይሄዳል፣ በመዝጊያው ዘፈን ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ሀምፍሪ ሊትልተን ከጃዝ ባንዱ ጋር አጅቧል። 3ኛው ትራክ ግን ከሞላ ጎደል የማሽን ምት ብቻ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዳምጡ ቢዘሉት ምንም አይቀርም። እንደ አንድ ወጥ ሥራ «ኪድ ኤ» በግልጽ ይበልጣል፤ ከተለመደ በኋላ ደጋግሞ የሚሰማውም እሱ ነው። ከመግዛት በፊት ለመወሰን ጥሩ መፈተኛ አለ፦ «ሞርኒንግ ቤል» በሁለቱም አልበሞች ላይ ይገኛል። የ«ኪድ ኤ»ው በአምስት ምት እየተቆጠረ በድራም ይነዳል፣ የ«አምኒዚያክ»ው በአራት ምት ነው። አከታትለው ያዳምጡና የሳበዎትን ይግዙ።

«ኪድ ኤ»ን የገዛ ሰው ከ1ኛው ትራክ ባይጀምር ይሻላል። 4ኛው በአኩስቲክ ጊታርና በሕብረ ክሮች የተሠራ ነው፤ 6ኛው፣ «ኦፕቲሚስቲክ»፣ ለድሮው ራዲዮሄድ ከሁሉም ይቀርባል። ከዚያ 8ኛውንና 9ኛውን ያዳምጡ፣ በመጨረሻ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር። ድራምም ዘፈንም የሌለው 5ኛው ትራክ የባንዱ ጊታር ተጫዋች የኤድ ኦብራየን ጊታር በማሽን አልፎ የወጣ ድምፅ ነው። ጊታሩ ጨርሶ አልጠፋም፣ መልኩን ቀይሯል።

አልበሙን የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። ትራኮችን በዘፈቀደ የሚያጫውተው ሻፍል ይጠፋ፤ ትራኮችን የሚያደባልቀው ክሮስፌድ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ፋይል የሚያዳምጥም ማጫወቻው በትራኮች መካከል ክፍተት እንደማይፈጥር ያረጋግጥ። 6ኛው ወደ 7ኛው፣ 8ኛው ወደ 9ኛው ሳይቋረጥ ስለሚገባ መገጣጠሚያው ላይ ያለ ክፍተት ሁሉንም ያፈርሰዋል። በስልክ ስፒከር የ3ኛው ትራክ ቤዝ ስለማይሰማ የሚቀረው ጫጫታው ነው፤ ሄድፎን ወይም ደህና ስፒከር ያስፈልጋል። ሲዲው ላይ የመጨረሻው ትራክ 7 ደቂቃ ገደማ ያሳያል፣ ዘፈኑ ግን ከግማሽ በፊት ያልቃል፦ ዝምታ ይመጣል፣ አጭር ሙዚቃ ይሰማል፣ ከዚያ እንደገና ዝምታ። ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት። በሸክላ ለሚፈልግ፣ የመጀመሪያው እትም በሁለት ባለ 10 ኢንች ሸክላዎች ስለወጣ በየጥቂት ዘፈኑ ተነስቶ መገልበጥ ግድ ነው። ለመልመጃ ሲዲው ይሻላል።

«ኪድ ኤ ምኒዚያ» ሦስት ዲስክ ነው፤ ሦስተኛው ከዚያው የቀረጻ ጊዜ የተረፉ ሥራዎችን ይዟል። ሁለቱንም አልበሞች እንደሚፈልግ ላወቀ ሰው ይህ ይመረጣል፣ ለጀማሪ ግን ይበዛል። የመድረኩ ቅጂ እንደሌለበትም ልብ ይበሉ።

የመድረኩን ቅጂ ደጋግሞ ሰምቶ አሁንም ያልጣመው ሰው ገንዘቡን በ«ኪድ ኤ» ላይ አያውለው። በ2007 ወደወጣው «ኢን ሬይንቦውስ» ይሂድ፦ 10 ዘፈን፣ ከ40 ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ፣ ጊታሩና ማሽኑ በአንድ ቅንብር ውስጥ ተስማምተው የሚኖሩበት።